የፋራጃ ኮርት ምሰሶ

ማርች 5

ጠበቃ ሩኪያ ዛሬ ንጋራ ድረስ መጡ። የሥራ ክፍላችን አምስተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ ሊፍቱ ከተበላሸ ከራርሟል። ሲገቡ ትንፋሽ አጥሯቸው ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። አብሮኝ የሚሠራው ሙቲሶ ወንበሩን ለቀቀላቸው፣ እኔ ውሃ ቀዳሁ። ግማሹን ጠጥተው፣ «ካርቱን የምትሠራው ልጅ አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አኒሜሽን» አልኳቸው።

«ያው አይደለም እንዴ? ሕንጻ ሲወድቅ መሥራት ትችያለሽ?»

ፋራጃ ኮርትን የማያውቅ የናይሮቢ ሰው የለም። ባለፈው ኦክቶበር፣ ፓይፕላይን ሠፈር፣ ገና ሳይነጋ ሰው በተኛበት ሰባቱም ፎቅ ተደረመሰ። የባለቤቱ ሰዎች «ዝናቡ መሠረቱን በላው» ይላሉ። የተረፉት ግን ሌላ ነው የሚሉት፤ ምድር ላይ ያለውን የቀለም ሱቅ በር ለማስፋት ብለው አንዱን ምሰሶ ቆርጠውታል ይላሉ። ሜይ ላይ የሟቾቹን ጉዳይ የሚመረምር ችሎት ይቀመጣል። ጠበቃ ሩኪያ የሚቆሙት ለቤተሰቦቹ ነው። ሕንጻውን ኮምፒውተር ውስጥ መልሼ እንድገነባው፣ ከዚያ ምሰሶውን አውጥቼ የሚሆነውን ለዳኛዋ እንዳሳይ ይፈልጋሉ።

እሺ አልኩ። ሳላስብ ነው ያልኩት።

ቤት ስገባ የራሴን ሕንጻ ምድር ቤት ቆሜ አየሁት። ምሰሶዎቹን በእጄ ነካካኋቸው። ዘበኛው «ምን ጠፋብሽ?» አለኝ። ምንም፣ አልኩ።

ማርች 8

በምን እንደምሠራው አልወሰንኩም። ቀኑን ሙሉ ከሙቲሶ ጋር ስንጨቃጨቅ ዋልን። ክፍሏን የምንጋራው አብረን ከተማርንበት ጊዜ ጀምሮ ነው። እሱ ለማስታወቂያ የለስላሳ ጠርሙስ ያስጨፍራል፣ እኔ ለልጆች ፕሮግራም ፍየልና ዝንጀሮ አናግራለሁ።

ሁለት መንገድ አለኝ። አንደኛው ነጻው ፕሮግራም ነው፤ ማንም ከኢንተርኔት አውርዶ ይሠራበታል፣ ማንንም አያስፈቅድም። ሌላው በየወሩ የሚከፈልበት ነው። የማስታወቂያ ድርጅት ተቀጥሬ ሳለሁ እጄን ያፍታታሁት በሱ ነው፤ ነገር ሲሰባበር ደግሞ እንደሱ አድርጎ የሚያሳይ የለም። ግን ለብቻዬ ከፍዬ አልችለውም። ክራክ የተደረገውን ሁሉም ይጠቀማል፣ እኔም ተጠቅሜያለሁ። በተሰረቀ ፕሮግራም ችሎት ፊት መቆም ግን ራስን ማስበላት ነው።

«ነጻው ምን ጎደለው?» አልኩት።

«ምንም አልጎደለውም። ስሙ ነው የጎደለው» አለኝ። «ኬሩ፣ ዳኛ ፊት ነው የምትቀርቢው። በነጻ ያገኘሽውን ነገር ይዘሽ ምዜውን ልትከሺ?»

ምዜው፣ ሽማግሌው ማለታችን ነው። የሕንጻውን ባለቤት ማንም በስሙ አይጠራውም።

«እኔ አይደለሁም የምከሰው። እኔ ሥዕል ነው የምሠራው።»

«እሱን ለሱ ንገሪው» ብሎ ሳቀ። ከዚያ መሳቁን ተወና፣ «ከምር፣ ይቅርብሽ» አለኝ።

ማርች 14

ዛሬ ቦታው ድረስ ሄድኩ። ማማ ቪቪ ናት የወሰደችኝ። ሕንጻው በር ላይ ቻፓቲ ትሸጥ ነበር፤ በዚያን ቀን ከሰል ልታቀጣጥል ቀደም ብላ ወጥታ ነው የተረፈችው። ልጇ ቪቪ አራተኛ ፎቅ ተኝታ ነበር። የነርስ ተማሪ። ልጅቷ ከሞተች በኋላም ሰው ማማ ቪቪ ነው የሚላት። ሌላ ምን ይበላት?

ፍርስራሹን ጠርገው አጥረውታል። ግን የዚያው ባለቤት መንታ ሕንጻ አጠገቡ ቆሟል፤ በአንድ ፕላን ነው የተሠሩት። የምድር ቤቱን ምሰሶ፣ የደረጃውን ስፋት፣ የወለሉን ውፍረት ለካሁ። ማማ ቪቪ የሜትሩን ጫፍ ያዘችልኝ።

«ይኼ ነው» አለች ከሱቁ በር በስተግራ ያለውን ምሰሶ በመዳፏ እየመታች። «የኛው ላይ እዚህ ጋ ያለውን ነው የቆረጡት። ቀኑን ሙሉ ሲመቱት ዋሉ። አቧራው ቻፓቲዬ ላይ ይወርዳል። እኔ ምን አደረግኩ? ጨርቅ አለበስኩት። ምን እየሠራችሁ ነው አላልኩም።»

«ማማ፣ ብትጠይቂያቸውስ ይነግሩሽ ነበር?»

«ቪቪን አወርዳት ነበራ።»

ስንመለስ መንገድ ማዶ አንድ ሰው ስልኩን ወደኛ አቅንቶ ነበር። ራሱን ፎቶ እያነሳ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ሰው ሁሉ ራሱን ነው የሚያነሳው።

ማርች 17

በነጻው ጀመርኩ። ምሰሶዎች፣ ወለሎች፣ ደረጃ። እንዳይጠፋብኝ ለጠበቃዋም ላክሁላቸው። ዝናቡ ገብቷል። መብራት ይሄዳል ይመጣል።

ማርች 22

ተደወለልኝ። ወንድ ነው፣ ጨዋ አነጋገር።

«ደህና ዋልሽ እህቴ? ካርቱን የምትሠሪው አንቺ ነሽ አይደል?»

ሥራ መስሎኝ፣ «አዎ፣ ማን ልበል?» አልኩ።

«ጥሩ ሙያ ነው። እናትሽ ኬሮካ ገበያ ሙዝ እንደሚሸጡ ሰማሁ። ይበርቱልን፣ ጠንካራ እናት ናቸው። በዚያ በኩል ዝናቡ በርትቷል አሉ። መንገዱ ያንሸራትታል።»

ዘጋው። ቁጥሩን መልሼ ብደውል አይሠራም።

እማዬ ጋ ደወልኩ። ደህና ናት። «ምነው ድምፅሽ?» አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት። ገበያ ስትሄዪ ከጎረቤት ጋር ሂጂ ብላት ሳቀችብኝ፤ «በዚህ ዕድሜዬ ማን ይጠልፈኛል?»

ለሙቲሶ ነገርኩት። ብዙ አልገረመውም። ደንግጦ ይሆናል፤ እሱ ሲደነግጥ ዝም ነው የሚለው።

ማርች 27

ሙቲሶ ጉድ ሠራኝ! የሚከፈልበትን ፕሮግራም፣ ያውም ሙሉውን፣ ሕጋዊውን ገዝቶ መጣ። ባለፈው ወር እኮ ምሳ ሲበላ የነበረው ከኔ ሳህን ነው። ደንበኛ ከፈለኝ አለ። አዲስ ጫማም አድርጓል፣ ቆዳ ነገር። ለሱ የሚያምርበት አይመስለኝም፤ ግን ዝም አልኩ።

«ችሎት ፊት ቀና ብለሽ ቁሚ» አለኝ። «የተከፈለበት፣ ስም ያለው። ማንም አፉን አይከፍትብሽም።»

ሊያስለቅሰኝ ነበር። «አንተኮ ይቅርብሽ ስትለኝ ነበር» አልኩት።

«እምቢ ካልሽ በደንብ ሥሪዋ ብዬ ነው።»

አካውንቱ በሱ ኢሜይል ነው የተከፈተው፤ እኔን እንደ ተጠቃሚ አስገብቶኛል። የከፈለው እሱ ስለሆነ እንደዚያ መሆኑ ተገቢ ነው። ሥራውን ሁሉ ወደዚያ አዛወርኩ።

ኤፕሪል 2

እውነቱን ለመጻፍ፣ የሚከፈልበት ይለያል። እጄ ራሱ ያውቀዋል፣ ሳላስብ ይሄዳል። ዛሬ ምሰሶውን አውጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቀቅኩት። መጀመሪያ ከሱቁ በላይ ያለው ወለል ጎበጠ። ከዚያ የጎን ምሰሶው ታጠፈ። ከዚያ ፎቅ በፎቅ ላይ፣ እንደ ተደራረበ ሳህን። አቧራው እንኳ እንደ እውነተኛ አቧራ ነው የተነሳው። ሲያምር ብዬ አጨበጨብኩ።

ከዚያ አራተኛው ፎቅ የቱ ጋ እንዳለፈ አየሁ። ላፕቶፑን ዘግቼ ወጣሁ።

ኤፕሪል 6

የሥራ ቦታችን ሕንጻ በር ላይ ካለው ሻይ ቤት አንድ ሰው ይቀመጣል። ሰማያዊ ጃኬት። ጠዋት ስገባ አለ፣ ስወጣም አለ። ዘበኛውን ጠየቅኩት።

«እሱ? ወንድምሽ አይደለም እንዴ? ስንት ሰዓት እንደምትወጪ ሲጠይቀኝ ወንድሟ ነኝ አለኝ እኮ።»

«ነገርከው?»

«ወንድምሽ ነኝ ሲለኝ ምን ልበለው?»

ወንድም የለኝም። በማታቱ ታክሲ ስሄድ የመጨረሻው ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው፤ ከኋላዬ ሰው እንዳይኖር።

ኤፕሪል 11

ደክሞኛል። እንቅልፍ የለም። ደረጃው ላይ ኮቴ ስሰማ እጄ ከቁልፎቹ ላይ ይነሳል።

ሙቲሶ አሳቢ ነው። ዛሬም ኡጋሊና ሱኩማ ገዝቶልኝ መጣ። እየበላን ጠየቀኝ።

«ይሄ ነገር ቢሰረቅብሽስ? ሌላ ቦታ ኮፒ አለሽ?»

«የለኝም» አልኩት።

«ጠበቃዋስ ጋ?»

«እሳቸው ኮምፒውተር መቼ ያውቃሉ? ሲያልቅ ነው የምሰጣቸው።»

«ጥሩ» አለ። ቀጥሎም፣ «ማለቴ ተጠንቀቂ» አለ።

ለምን እንደዋሸሁት አላውቅም። ሙቲሶን! ዕድሜ ልኬን ዋሽቼው አላውቅም። ፍርሃት ሰውን እንዲህ ያደርጋል፤ የገዛ ጓደኛሽን ትጠረጥሪያለሽ። ነገ እነግረዋለሁ።

ኤፕሪል 13

አልነገርኩትም።

ኤፕሪል 19

ተዘጋ።

ጠዋት ስከፍት «ይህ ተጠቃሚ ከአካውንቱ ተወግዷል» ይላል። ሥራዬ ሁሉ እዚያው ውስጥ ነው፣ አይከፈትም። ኢንተርኔቱ ነው ብዬ ቀየርኩ። ላፕቶፑን አጠፋሁ፣ አበራሁ። ያው። ወደ ሙቲሶ ደወልኩ፣ ስልኩ ዝግ ነው። ክፍያ ሳይገባ ቀርቶ ይሆናል። በስህተት ነክቶት ይሆናል። ሰው ይሳሳታል።

ኤፕሪል 20

አልመጣም።

ኤፕሪል 21

የሙቲሶ ማዳመጫ የለም። ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ያች ፕላስቲክ ዝንጀሮው የለችም። መቼ እንደወሰዳቸው አላየሁም። ከሰዓት በኋላ አጭር መልእክት ላከ፦ «አገር ቤት ነኝ፣ ኔትወርክ የለም። ስመለስ አስተካክልልሻለሁ። አትጨነቂ።» ኔትወርክ ከሌለ መልእክቱ በምን መጣ? ከተማ ወጥቶ ልኮት ይሆናል።

ችሎቱ ሊደርስ ነው። ጠበቃዋ ጋ ሄድኩ። ቢሮአቸው ገብቼ ከመቀመጤ በፊት አለቀስኩ። እስክጨርስ ጠብቀው፣ «የጓደኛሽ ሙሉ ስም ማነው?» አሉኝ።

«እሱ እኮ ምንም አላደረገም። ክፍያው ነው።»

«ምንም አደረገ አላልኩም። ስሙን ነው የጠየቅኩት።»

ነገርኳቸው። ጻፉት። ከዚያ ማርች ላይ የላክሁላቸውን ፋይል አወጡ፤ ነጻው ላይ የጀመርኩትን፣ ባዶውን ሕንጻ። «ከዚህ መቀጠል ይቻላል?» አሉ።

«ይቻላል። ግን እንደዚያኛው አያምርም።»

«ልጄ፣ ሰው የሞተበት ነገር ነው። ማን አምሮ ይታየኝ አለ?»

ኤፕሪል 28

ጠበቃ ሩኪያ ቤት ነኝ፣ ሳውዝ ሲ ሠፈር። የታላቅ ልጃቸውን ክፍል ሰጥተውኛል። መስኮቱ ፍርግርግ አለው። በሩን ከውስጥ ቆልፌ ወንበር አስደግፌበት ነው የምሠራው። ጠዋት ጠዋት «ወንበሩን አንሺ፣ ሻይ ይዤ ነው» ይሉኛል ከውጭ።

ነጻው ፕሮግራም አስቸግሮኛል። ምሰሶውን ሳወጣ ሕንጻው እንደ ፈንዲሻ ፈነዳ፤ የወለሉ ቁራጭ ሰማይ ላይ ሄደ። ጠበቃዋ ከኋላዬ ቆመው አይተው፣ «እንዲህ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ጨረቃ ላይ በነበሩ» አሉ። ሳቅሁ። ስንት ጊዜዬ ነው ከሳቅሁ።

ቀስ በቀስ ገባኝ። ኮንክሪቱ ምን ያህል እንደሚይዝ፣ የት ላይ እንደሚለቅ፣ ጠበቃዋ ያመጡት መሐንዲስ የሰጡኝን ቁጥር አንድ በአንድ አስገባሁ። እዚህ ሁሉም ነገር የሚታይ ነው። የሚከፈልበት ላይ አማረ ብዬ የተቀበልኩትን፣ እዚህ ለምን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።

ውጭ ውሻ ሲጮህ እጄ ይቆማል።

ሜይ 1

ወደቀ። በትክክል፣ ከሱቁ በላይ ጎብጦ፣ ከዚያ በጎኑ። ምሰሶውን መልሼ አቆምኩት። ቆመ። አወጣሁት፣ ወደቀ። ደጋገምኩት። ለጠበቃዋ ግን አልኳቸው፣ «ይሄ ቀኑ ራሱ አይደለም። ሊሆን የሚችለውን የሚያሳይ ነው።» «ልክ እንደዚያው ብለሽ ነው የምትናገሪው» አሉኝ።

ስልኩ ጠራ፤ የማላውቀው ቁጥር ነው። አላነሳሁም። ደግሞ ጠራ። ትራስ ሥር ከተትኩት።

ሜይ 4

ማማ ቪቪ ልታይ መጣች። እስከ መጨረሻው አላየችም፤ ምሰሶው ሲወጣ ፊቷን አዞረች። ከቆየች በኋላ ጠየቀችኝ።

«ይሄ ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው?»

«እኔና ጠበቃዋ ጋ።»

«ለዚህ ነዋ እንዲህ የከሳሽው።» እጄን ያዘች። «እኔ ብከፍተው ይከፈታል? የወንድሜ ልጅ ላፕቶፕ አለው።»

ይከፈታል። ገንዘብ አይጠይቅ፣ አካውንት አይጠይቅ። የሚከፈልበት ላይ ሳለ ከኔ ውጭ ሊከፍተው የሚችል ሰው አልነበረም፤ ከኔና ከሙቲሶ። ሰውየው ሻይ ቤት የሚቀመጠው ነገሩ ያለው እኔ ጋ ብቻ ስለሆነ ነው። እኔ ከሌለሁ የለም።

ጠበቃዋን ጠየቅኳቸው። አሰቡበት። «ለሌላው ወገንና ለችሎቱ አስቀድመን የመስጠት ግዴታ አለብን» አሉ። «ነገ አስገባዋለሁ። ካስገባሁት በኋላ ምስጢር አይደለም።»

«ለነሱም ጭምር? ከነመክፈቻው ፕሮግራም?»

«ከነመክፈቻው። የተደበቀ ነገር የለንማ።»

ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። የምዜው መሐንዲሶች ሥራዬን በታትነው ያዩታል። ስህተት ካለ እነሱ ናቸው የሚያገኙት። ካገኙስ? የማማ ቪቪ ነገር በኔ እጅ ቢበላሽስ?

ሜይ 7

ቤተሰቦቹ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተሰበሰቡ። ላፕቶፕ ያለው ዘመድ ያለው ሁሉ ይዞት መጣ። ፕሮግራሙን አስጫንኳቸው፣ ፋይሉን ሰጠኋቸው። ሚስቱን ያጣ አንድ አባት ከኋላ ተነስቶ፣ «ይኼ ፕሮግራም ነገ ክፈሉ ቢለንስ?» አለ። «አይልም» አልኩ። «ማን ነው ባለቤቱ ታዲያ?» አለ። እንዴት እንደማስረዳው ግራ ገባኝ። «የሚጠቀምበት ሁሉ» አልኩ። ራሱን ነቀነቀ፤ ያመነኝ አልመሰለኝም፣ ግን ፋይሉን ወሰደ።

ሜይ 9

ደወለ። ያው ጨዋው ድምፅ። አነሳሁት። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

«እህቴ፣ ያን ነገር አጥፊው። ለሁላችንም ይሻላል።»

«የቱን?» አልኩት።

«ታውቂዋለሽ።»

«ላጥፋው ብልስ የቱን ላጥፋ? ፓይፕላይን ሙሉ ይዞታል። እናንተም ጋ አለ። ጠበቃችሁን ጠይቁት።»

የማታቱ ጥሩምባ ከኋላው ይሰማ ነበር፤ እንደኛው መንገድ ዳር የቆመ ሰው ነው። ዘጋው።

ደፋር የሆንኩ እንዳይመስለኝ እዚህ ልጻፈው፤ ከዘጋ በኋላ አስመለሰኝ።

ሜይ 14

ችሎት ዋልኩ። ሁሉንም ልጻፈው።

አዳራሹ ጠባብ ነው፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ዝናቡ ይደበድበዋል። ቤተሰቦቹ በግራ፣ የምዜው ሰዎች በቀኝ። ምዜው የለም፣ አሞታል አሉ። ሙቲሶን አየሁት። በቀኝ በኩል፣ ከጠበቃቸው ጀርባ ተቀምጧል። በግራ በኩል ቦታ ሞልቶ ስለነበር ይሆናል።

ፊልሙ ታየ። ተጠርቼ ቆምኩ። የሌላው ወገን ጠበቃ ረጅም ሰው ነው፣ ሲናገር ፈገግ ይላል።

«ይህን የሠሩበት ፕሮግራም ዋጋው ስንት ነው?»

«ነጻ ነው።»

«ዝናቡ አላሰማንም። ጮክ ይበሉ።»

«ነጻ ነው። አይከፈልበትም።»

«አይከፈልበትም!» ወደ ዳኛዋ ዞረ። «ክብርት ዳኛ፣ የኔ ትንሹ ልጅ በዚሁ ፕሮግራም ዘንዶ ይሠራል። እሳት የሚተፋ።» በቀኝ በኩል ሳቁ። «እንግዲህ ነገ ዘንዶውንም በማስረጃነት እናቀርባለን። ልጠይቅዎ፤ ባለሙያዎች የሚሠሩበት፣ የሚከፈልበት መኖሩን አያውቁም?»

«አውቃለሁ። በሱም ሠርቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ተዉት?»

ለምን እንደጠየቀኝ ገባኝ። መልሱን ያውቃል። ተዘጋብኝ ብል፣ ማን ዘጋብሽ ሊል ነው፤ ከዚያ የከፈለልኝን ሰው ሊያስነሳው ነው፤ ሙቲሶ ተነስቶ ምን ሊል እንደተዘጋጀ አላውቅም። ወደሱ አየሁ። አቀርቅሯል።

ዳኛዋ «ውሃ ስጧት» አሉ። ጠጣሁ።

«የሚከፈልበት ሲሆን ከፋዩ ነው የሚከፍተው፣ የሚዘጋውም» አልኩ። «ይሄኛውን ግን እርስዎም ሊከፍቱት ይችላሉ። በምን እንደሠራሁት እኔን ከሚጠይቁኝ ይክፈቱትና ምሰሶውን መልሰው አቁመው ይዩት። የተሳሳትኩት ካለ ያሳዩኝ።»

«እኔ ጠበቃ ነኝ፣ አናጢ አይደለሁም» አለ። እንደገና ሳቁ።

ዳኛዋ አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው ከሱ አጠገብ ወደተቀመጠው መሐንዲስ አዩ፤ ዝናቡ ነው ብሎ ሪፖርት የጻፈው እሱ ነው።

«ፋይሉ ደርሶዎታል?»

«ደርሶኛል፣ ክብርት ዳኛ።»

«ከፍተውታል?»

ጠበቃውን አየ። «ከፍቼዋለሁ።»

«እሳቸው እንዳሉት ምሰሶውን መልሰው አቁመዋል?»

ጠበቃው፣ «ክብርት ዳኛ፣ ይህ አግባብ አይመስለኝም» አለ። «ይቀመጡ» አሉት።

«አቁሜዋለሁ» አለ መሐንዲሱ። «መሠረቱንም አላልቼ ሞክሬያለሁ። ዝናቡ ይሸረሽረዋል ያልነውን ያህል አላልቼ ነው የሞከርኩት።»

«የጠየቅኩዎት ወደቀ ወይ ብዬ ነው።»

ሰውየው ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን አየ። እንደኔው ፈርቷል። ከኔ ይበልጥ ይመስለኛል፤ የተቀመጠው እነሱ መሀል ነው።

«ተሰነጠቀ። አልወደቀም።»

ከኋላዬ አንድ ድምፅ ወጣ፣ ልቅሶም አይደለም፣ ቃልም አይደለም። ማማ ቪቪ ናት። ሳልዞር አወቅኳት።

ስንወጣ ሙቲሶ ደጅ ቆሞ ነበር፣ ያለ ዣንጥላ። «ኬሩ» አለኝ።

ብዙ ነገር ልለው አስቤ ነበር። «ጫማህ ራሰ» አልኩት። አልፌው ሄድኩ።

ሜይ 15

ሙቲሶ ነው የሸጠኝ። ይኸው ጻፍኩት። ከማርች ጀምሮ አውቀው ነበር መሰለኝ።

ሜይ 23

ዳኛዋ ወሰኑ። ለሰዎቹ ሞት ምክንያት የሆነው የምሰሶው መቆረጥ ነው፤ ባለቤቱና ያስቆረጠው ሥራ ተቋራጭ ይከሰሱ ብለው ወደ ዐቃቤ ሕግ መሩት። አዳራሹ ውስጥ የጮኸ የለም። ሰዎች ቁጭ ብለው ቀሩ፤ ሌላ የሚነገር ነገር ያለ ይመስል። ምዜው ለሕክምና ውጭ አገር ወጥቷል ይባላል። ይመለሳል የሚል ሰው አላገኘሁም።

ንጋራ ተመልሻለሁ። ሰማያዊ ጃኬት የለበሰው ሰው ሻይ ቤቱ የለም። በሱ ቦታ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ሻይ ሊጠጣ ይሆናል። አሁንም ማታቱ ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው።

ሜይ 25፣ እሑድ

ማማ ቪቪ ምሳ ጠራችኝ። አሁን የምትኖረው ታሲያ ሠፈር፣ አንድ ክፍል፣ ምድር ላይ። ፎቅ አልወጣም ብላለች። የወንድሟ ልጅ ላፕቶፑን ትቶላት ሄዷል። ጠረጴዛው ላይ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል።

ከበላን በኋላ ጨርቁን አነሳች።

«ከመውደቁ በፊት ያለውን ብቻ ማየት ይቻላል?»

ከፈትኩላት። መጀመሪያው ላይ አቆምኩት። ሕንጻው እንደቆመ ነው፣ ግራጫ፣ ባዶ። ወንበሯን አስጠጋች።

«የኛ የቱ ነው?»

አራተኛው ፎቅ፣ ከደረጃው ቀጥሎ ያለውን በር አሳየኋት። እያንዳንዱን ፌሮ አስቤ የገነባሁት ሕንጻ ነው፤ ያ በር የማን እንደሆነ ግን ሳስብ ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር።

«መጋረጃ ነበረው» አለች። «አረንጓዴ።»

አረንጓዴ መጋረጃ አደረግኩለት።

«እንዲህ አያበራም። ትንሽ የደበዘዘ።»

አደበዘዝኩት። በሩ ሥር የቪቪን ነጭ የሥራ ጫማ አስቀመጥኩ፤ አጥባው ለፀሐይ ታሰጣዋለች አለችኝ። የጎረቤት ጀሪካን ቢጫ ነበር። የልብስ ማስጫው ገመድ በረንዳውን አቋርጦ ያልፋል፤ ረዥም ሰው ሲያልፍ ጎንበስ ይላል። የምትለውን ሁሉ አስገባሁ። ከሰዓቱ እንዲሁ አለፈ። በመሀል አንዴ «ግራ አደረግሽው፣ ቀኝ ነው» ብላ ተቆጣችኝ።

ሲመሽብኝ እንዳልፈራ ልሄድ ተነሳሁና ላፕቶፑን ልዘጋው እጄን ዘረጋሁ። ያዘችኝ።

«ተዪው። ሻይ ጠጪና ሂጂ። እስከዚያ ክፍት ይሁን።»

ሻይ ቀዳችልኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠጣን። ውጭ መዝነብ ጀምሯል። ላፕቶፑን ማናችንም አልነካነውም።